የቲቸር ሊሳ ባል

ፒዲዮ ሚስቱ ስትሞት ብራዚል አካባቢ ባሕር ላይ ነበር። መርከቡ ወደብ እስኪደርስ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ፣ አውሮፕላን እስኪገኝ ድረስ ሬሳዋ እንዳይበላሽ መድኃኒት ተደርጎበት ቤት ውስጥ ጠበቀው። ከማኒላ ባሕር ማዶ ያለችው ከተማው ሊማይ ገብቶ ከመኪና ሲወርድ ሻንጣውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ልጆች ሆነን አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እኔ አግብቼ ወደ ማሪቬሌስ ወረድኩና ጀልባ ያዝኩ፤ እርሱ መርከብ ላይ ወጣና በዚያው ቀረ። የሞተር ክፍል ሰው ነው። ዕድሜውን ከመርከብ ሆድ ውስጥ፣ ከዘይትና ከጩኸት ጋር ነው የጨረሰው። ለአጭር ጊዜ ይመጣል፣ ጣሪያ ያሳድሳል፣ ጎረቤት ይጋብዛል፣ ተመልሶ ይሄዳል።

ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው ነበር። አብዛኛው የእርሷ ተማሪ ነው። ፍሎርዴሊሳ ስድስተኛ ክፍል ስታስተምር ኖራለች፤ አገሩ ሁሉ ቲቸር ሊሳ ነው የሚላት። በየዓመቱ በጋው ሲገባ ልጆቹን ሰብስባ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ቦታዎች ታሳያለች። የተማረኩት ወታደሮች በእግር የተነዱበት መንገድ ዳር ያሉትን የድንጋይ ምልክቶች፣ ሳማት ተራራ ላይ ያለውን ትልቅ መስቀል፣ ካፓስ ያለውን የሟች ወታደሮች ስም የተጻፈበትን ግድግዳ፣ በመጨረሻም ኮሬጊዶር ደሴትን። ልጆቹ አሁን አድገው አንዱ ሾፌር፣ አንዷ ነርስ፣ አንዱ ፖሊስ ሆኗል። እንደ ለቅሶ ልማዳችን ካርታ እየተጫወቱ፣ ብስኩት እየበሉ፣ ያኔ ያደረገቻቸውን ያወራሉ። ፖሊሱ ካፓስ ላይ ሲስቅ አግኝታው ጆሮውን እንዴት እንደጠመዘዘችው ተነሥቶ አሳየን። «እዚህ ግድግዳ ላይ ካሉት አንዱ ቢሰማህ ምን ይላል?» ነበር ያለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ፒዲዮም ሳቀ፤ ግን ዘግይቶ፣ ቋንቋውን በደንብ እንደማያውቅ ሰው የሌሎቹን ፊት አይቶ።

ከቀብሩ በኋላ አንዲት ልጁ ማሪቪክ ወደ ዓረብ አገር፣ ወደ ዳማም ተመለሰች። እዚያ ነርስ ናት፤ ፈቃዷ አልቆ ነበር። ቤቱ ውስጥ እርሱ ብቻ ቀረ። ጎረቤት ቀን ቀን ብቅ ይልለታል፤ ሲመሽ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ነው።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ጉዞ ጀመረ። መጀመሪያ እዚሁ እኛ ዘንድ፣ ማሪቬሌስ፣ የምርኮኞቹ መንገድ የሚነሣበት ምልክት ጋ መጣ። ቆሞ አየውና ሄደ። ከዚያ ምልክቶቹን እየተከተለ በአውቶቡስ ወደ ሰሜን። አንድ ቦታ ይወርዳል፣ ድንጋዩን ያያል፣ ቀጣዩን አውቶቡስ ይጠብቃል። ሳማት ወጥቶ በመስቀሉ ሆድ ውስጥ ባለው ሊፍት ክንዱ ድረስ ሄዷል። ሊፍቱን የሚነዳው ሰው ሌሎች እስኪመጡ እንጠብቅ ቢለው፣ የለም ብቻዬን ነኝ አለው። ካፓስ ደግሞ ግድግዳውን ሲያነብ ውሎ የራሱን የቤተሰብ ስም አግኝቷል፤ ዘመዱ ግን አይደለም።

በሄደበት ሁሉ ዘበኞቹንና ጠራጊዎቹን ቲቸር ሊሳን ታውቋት ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። አስተማሪ ስንቱ ይመጣል ይሉታል። ፎቶዋን ያሳያቸዋል። ችግሩ ያሉት ፎቶዎች በሙሉ በቪዲዮ ሲያወሩ ከስልኩ ያስቀራቸው ናቸው፤ ግንባሯና የቤታቸው ጣሪያ፣ ወይም አገጯና መጋረጃው። ማንም አላወቃትም።

ይህን ሁሉ የነገረኝ ወደ ደሴቱ ውሰደኝ ብሎ የመጣ ቀን ነው። ከማኒላ የሚመጣው ትልቁ ጀልባ ከቆመ ወዲህ ወደ ኮሬጊዶር የሚሄድ ሰው ቀንሷል። እኔም ግራና ቀኟ የቀርከሃ ደጋፊ ያላትን ክንፋም ጀልባዬን ለዓሣ ነው የማወጣት። ባሕሩ የተኛ ቀን ነበርና ወዲያው ሄድን።

መንገድ ላይ ከፊቴ ተቀምጦ ደሴቱ ሲቃረብ ያያል።

«ስንት ጊዜ በዚህ አልፌያለሁ መሰለህ» አለኝ። «እዚህ ጋ ስንደርስ ከላይ ፍጥነት ቀንሱ ይሉናል። እኛ ታች ያለነው ኮሬጊዶርን አለፍን እንባባላለን። አይቼው ግን አላውቅም።»

«አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብለህ?»

«ሥራ ላይ ነኛ።»

ፊቱን ወደ ደሴቱ መለሰ። እኔም ተውኩት።

ወደቡ ላይ ሎዲ ቆማ ነበር። ሎዲ አስጎብኚ ናት፤ ደሴቱ ላይ አርጅታለች ማለት ይቻላል። ነጭ ኮፍያ አድርጋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የጠበቀችን።

«ናርሲንግ፣ አንድ ሰው ብቻ? ሌሎቹን ለዓሣ ሰጥተህ መጣህ?» አለችኝ።

«አንቺ እንዳለሽ ሲሰሙ ተመለሱ» አልኳት።

«እርስዎ ግን ደፋር ነዎት» አለችው ፒዲዮን፤ ኮፍያዋንም ነካ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችው። እኔንም ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፣ ጀልባህን ማንም አይሰርቅህም፣ ውጣ አለችኝ። ወጣሁ። መኪናው ጎኑ ክፍት የሆነ አሮጌ አውቶቡስ ነው። ሎዲ ራሷ ትነዳለች፣ ራሷ ታወራለች። ሁለት ሰዎች ብቻ ከኋላዋ ተቀምጠን እንኳ ድምፅ ማጉያውን አንሥታ «ክቡራትና ክቡራን» ብላ ጀመረች። ልማድ ነው።

መድፎቹን አሳየችን። አንዱ አፉን ወደ ሰማይ እንደከፈተ ነው የቀረው፤ ብረቱ ላይ ፍንጣሪ የበሳው ጉድጓድ ውስጥ የዝናብ ውኃ ተጠራቅሟል። ማን ከየት እንደተኮሰ፣ ደሴቲቱ ስንት ጊዜ እንደተያዘች፣ በዋሻው ውስጥ ቁስለኛ እንዴት እንደተኛ ትነግረናለች። ፒዲዮ ያዳምጣል ግን ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው። ደረጃውን ያያል፣ የዛፉን ሥር ያያል። ኪሱ ተቀድዶ የሆነ ነገር የጣለ ሰው የሄደበትን መንገድ እንደሚፈትሽ ማለት ነው።

ረጅሙ የወታደሮች ቤት ጋ ስንደርስ ወረድን። ጣሪያ የለውም። የሲሚንቶ አጥንቱ ብቻ ቆሞ ውስጡ ዛፍ በቅሎበታል፤ መስኮቶቹ ላይ ጦጣዎች ተቀምጠው ያዩናል። ጥላ ፈልገን ተጠጋን። ሎዲ ውኃ ስትጠጣ ጠብቆ ስልኩን አወጣ።

«እትዬ፣ ይህቺን ሴትዮ ያውቋታል?»

መነጽሯን ከፀጉሯ ላይ አውርዳ አየች።

«ቲቸር ሊሳ! ምነው ግንባሯ ብቻ?» ፊቷ ሁሉ በራ። «እንዴት አላውቃት። በየዓመቱ አይደል እንዴ የምትመጣው። የእርሷ ልጆች አንድ ቅጠል አይቀነጥሱም ነበር። ከመኪናው ሲወርዱ ‹እግራችሁን አንሡ፣ ሰው የተኛበት ነው› ትላቸዋለች። አሁን ጡረታ ወጥታለች መሰለኝ። ደኅና ናት?»

«አረፈች» አለ ፒዲዮ። «በዝናቡ ወራት።»

ሎዲ አማተበችና የሲሚንቶው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ፒዲዮም ቆሞ ጠበቃት። ይህን ያህል አገር ዞሮ አንድ ሰው ስላወቀለት ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እኔ አይቼዋለሁ። ደስታ ነው የሚመስለው።

«ምስኪን» አለች ሎዲ በመጨረሻ። «ያቺን አንድ ልጅ ብቻዋን አሳድጋ። ባሏ ባሕር ላይ ሞቶባት፣ ሌላም ሳታገባ፣ ሳታርፍ አረፈች።»

እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ከወደቡ ጀምሮ ስሙን ጠርቼው ከሆነ ብዬ ወደ ኋላ አሰብኩ። አልጠራሁትም ነበር።

ፒዲዮ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

«ሞተ ብላ ነገረችዎት?»

«እኔ መጠየቅ እወዳለሁ፣ ክፉ አመል ነው ያለብኝ። መጀመሪያ የመጣች ዓመት ባልሽስ አልኳት። ‹መርከበኛ ነበር፣ ባሕር ወሰደው› አለችኝ። አላለቀሰችም ምንም። የዛሬ ዓሣ ዋጋ ስንት ነው ብለው ቢጠይቋት እንደምትመልሰው ነው የመለሰችልኝ። እኔ ነኝ ያዘንኩት። የሙታን ቀን ሲመጣ እዚህ ለወታደሮቹ ሻማ እናበራለን፤ ለእርሱም አንዲት እጨምርለታለሁ። ስሙን ጠይቄያት ነበርና። ፒዲዮ ይባላል።»

አንድ ጦጣ ከመስኮት ወርዶ ወደ ውኃ ጠርሙሷ ተጠጋ። ሎዲ በኮፍያዋ አባረረችው።

ፒዲዮ ማንነቱን ሳይነግራት፣ ልጆቹ ምሳ ሲበሉ ቲቸር ሊሳ የት ትቀመጥ እንደነበር ብቻ ጠየቃት። ሎዲ ጥያቄው እንግዳ ሆነባት መሰለኝ አየት አደረገችው፤ ግን ተነሣች።

ክቡን መታሰቢያ አልፈን፣ ጣሪያው መሐሉ ክፍት ሆኖ ፀሐይ የሚገባበትን ማለት ነው፣ ከብረት የተሠራው የነበልባል ሐውልት ከቆመበት ወዲያ ወሰደችን። እዚያ ባሕሩ ሙሉ በሙሉ ይታያል። አንድ የሲሚንቶ አግዳሚ አለ። ልጆቹ ዛፉ ሥር ሩዛቸውን ሲፈቱ እርሷ እዚህ ትቀመጥ ነበር አለችን። ሎዲ ምን ታያለሽ ስትላት፣ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ ትላት ነበር ሊሳ።

ፒዲዮ ተቀመጠ። አግዳሚው ለሦስት ሰው ይበቃል፤ እርሱ ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠው። እኔና ሎዲ ራቅ አልን።

«ወንድሟ ነው?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ራሱ ይንገርሽ።»

አንድ ዕቃ ጫኝ መርከብ ከማኒላ በኩል እየወጣ ነበር፤ ሳጥኖቹ እስከ ላይ ተደርድረዋል። ከላዩ ሰው አይታይም። መቼም አይታይም፣ ሁሉም ውስጥ ነው። መርከቡ ፊቱ ደረሰ፣ አለፈው፣ ወደ ውጭው ባሕር እየጠቆረ ሄዶ ጠፋ። ፒዲዮ አንገቱን እያዞረ እስከ መጨረሻው ተከተለው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኛ መጣና ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ ሎዲ፣ ፒዲዮ እኔ ነኝ» አላት።

ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ አንገቴን ነቀነቅኩላት።

«ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ሻማ የለኮስኩት በቁሙ ላለ ሰው ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት፤ የምር ነው ይቅርታ የጠየቃት።

ሎዲ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። አፍራ ነው፤ ማቆም አቅቷት። እርሱም ሳቀ። ከዚያ ሎዲ አቆመች፣ የእርሱ ሳቅ ግን ቀጠለ፤ ትንሽ ቆይቶም ሳቅ አለመሆኑ ገባኝ። ወደ አውቶቡሱ ሄጄ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሆን አብሮ አደጉ ባያየው ይሻላል።

ስመለስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ፊቱን ታጥቧል፤ የውኃ ጠርሙሷ ባዶ ነው። ተቀይማኝ ነው ወይ ብሎ እየጠየቃት ነበር።

«እንዴት አውቄ» አለችው። «እኔ ባሌ በእውነት የሞተብኝ ሴት ነኝ። አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። ሞቷል ሲሉት ሰው አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። መርከብ ላይ ነው ካሉት ግን አይለቅም። መቼ ይመጣል፣ ምን ላከ፣ እዚያ ሌላ አበጅቶ እንዳይሆን፣ አንቺ ደግሞ ብቻሽን እንዴት ትችዪዋለሽ። ምናልባት ሰልችቷት ይሆናል።»

«ስለ እኔ ክፉ ተናግራ ታውቃለች?»

ሎዲ ትንሽ አሰበች። ውሸት ብትነግረው ማንም አያውቅባትም ነበር።

«ክፉም አልተናገረች፣ ደግም አልተናገረች። ከዚያች ቀን በኋላ ስምዎን አንሥታ አታውቅም።»

ወደ ማሪቬሌስ ተመለስን። ባለቤቴ ዓሣ በኮምጣጤ አብስላ ነበርና ብላ ብዬ ለመንኩት። አውቶቡስ ያመልጠኛል ብሎ ሄደ። አውቶቡሱ በየጊዜው እንደሚመጣ እርሱም እኔም እናውቃለን።

ሳምንት ያህል ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ባሕሩ ዳር መረብ ስጠግን አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ለማሪቪክ ደውዬ ጠየቅኋት አለኝ። እናትሽ እኔን ሞቷል ትል እንደነበር ታውቂ ነበር ወይ ብሎ በቀጥታ ነው የጠየቃት። ልጅቷ ብዙ ዝም ብላ ቆየች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎት ሃሎ ሃሎ ይላል።

«አለሁ አባዬ» አለችው። «እዚያ ነበርኩ እኮ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ። ለአስጎብኚዋ ስትነግራት ከኋላዋ ቆሜ ነበር።»

ልጅቷ አምናለች። አባቷ እንደሞተ፣ እናቷ ልጅ ናት ብላ እንደደበቀቻት ነው የገባት። ቤት ሲመለሱ እናቷ እራት ሠራች፣ የተማሪ ደብተር አረመች፣ ልብስ ተኮሰች። እንባ የለም። ማሪቪክ እናቴ በርትታ ነው፣ እኔም መበርታት አለብኝ አለች። ማንንም ሳትጠይቅ፣ ትምህርት ቤት ለጓደኞቿ ሳትነግር፣ አባቷን ብቻዋን አለቀሰችው። ቁምሳጥን ውስጥ ጥቁር ቀሚስ አላት ወይ ብላ ፈትሻለች። እንዲህ ሆና እስከ ገና ቆየች። በገና ዋዜማ ስልክ ጮኸ፣ እርሷ አነሣች፣ የአባቷ ድምፅ ነው።

«ዘጋሁት» አለችው። «ፈርቼህ ነው አባዬ።»

ፒዲዮ ያንን ስልክ ያስታውሰዋል። ብራዚል ውስጥ ሳንቶስ ወደብ ላይ ነበሩ። መርከበኛው ሁሉ ለገና ሊደውል ተሰልፎ፣ ተራው ደርሶ፣ ሃሎ የሚል የልጅ ድምፅ ሰምቶ ‹እኔ ነኝ› ሲል ተቋረጠ። ድጋሚ ሊሞክር ቢል ከኋላው ያሉት ጮኹበት። መስመር ነው ብሎ ወደ መርከቡ ተመለሰ። ይህን ሁሉ ዘመን መስመር ነው ብሎ ነው የሚያስበው።

ከዚያስ አላት። ከዚያ ማሪቪክ ወጥ ቤት ገብታ አባዬ ከሞተበት ደወለ ብላ ለእናቷ ነገረቻት። ሊሳ እጇን ጠርጋ አቀፈቻት። እንዲሁ ያልኩት ነገር ነው፣ የሰው ጥያቄ ሲበዛብኝ ነው አለቻት። ሌላ አልጨመረችም፤ ልጅቷም ደግማ አልጠየቀቻትም።

ይህን ነግሮኝ ሲጨርስ መረቡን ከእጄ ወስዶ የተቀደደውን ማየት ጀመረ። አንተም ለእነሱ ብለህ ነው የሄድከው አልኩት፤ እውነትም ነው።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ። «ለማን እንደሆነ አይደለም የጠፋኝ። እኔ ስመጣ ቤቱ እንግዳ እንደመጣበት ቤት ይጸዳ ነበር። አዲስ አንሶላ፣ አዲስ ብርጭቆ። ደስ ብሏቸው ነው እል ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ደሴቱ ጥቂት ጊዜ ወስጄዋለሁ። ሎዲ ለእርሱ ድምፅ ማጉያውን አታነሣም፤ ስለ መድፎቹም አትነግረውም። አግዳሚው ጋ ታወርደውና ሥራዋን ትሠራለች። አንዳንዴ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ባሏ ታወራዋለች፤ እርሱ ያዳምጣታል። ስለ ሊሳ የምትነግረው አዲስ ነገር ግን የላትም። የምታውቀውን ያን ቀን ነግራው ጨርሳለች። ያም ሆኖ አንድ የረሳችው ነገር ትዝ ሊላት ይችላል ብሎ ይሄዳል።

ሌላ ጊዜ እኛ ዘንድ ይውላል። የሊማዩ ቤት ሰፋኝ ይላል። ማሪቪክ በየሳምንቱ ትደውልለታለች፤ አለቆቿ ፈቃድ ከሰጧት ለፋሲካ እመጣለሁ ብላዋለች። ባለቤቴ ቀኑን ለምን አታስቆርጣትም ትለዋለች። እርሱ አይጠይቃትም። የሥራውን ሁኔታ፣ ሙቀቱን፣ ምን እንደበላች ይጠይቃታል። ተሰነባብተው ከዘጉ በኋላ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ይቀመጣል። ባለቤቴ ሳህኑን ፊቱ ታስቀምጥለታለች። ሩዙ እስኪቀዘቅዝ አይነካውም፤ እኛም ብላ አንለውም።